ጫካው ስም ሲጠራ

ልጄ ማሳራይ በተወለደች ቀን ስሜን አጣሁ። በደሴታችን ወግ ሰው የበኩር ልጁን ሲያገኝ የራሱ ስም ይቀርና በልጁ ይጠራል። እኔ ሲያማን ማሳራይ፣ የማሳራይ አባት ሆንኩ። አባቴም በዚያው ጠዋት ሲያፐን ማሳራይ፣ የማሳራይ አያት ተባለ። አንዲት ቀይ ፊቷን አጨማዳ የምታለቅስ ጨቅላ ሁለት ጎልማሶችን ስም አስቀየረች። አባቴ እስከዛሬ "ጡት ሳትጠባ መግዛት ጀመረች" እያለ ያማታል።

ይህቺው ልጅ ታይፔ ሄዳ ተማረችና የሰውንና የጫካን ዝምድና ላጥና ብላ ተመለሰች። ዝምድና የሚለውን ስሰማ ሳቄ መጣ።

"ከጫካ ጋር የተጋባ ሰው አላውቅም" አልኳት።

"አንተ አታውቅ ይሆናል አባዬ፤ አያቴ ግን ያውቃል" አለችኝ። ምላሷ የእናቷ ነው።

ጥናቷን ከጀመረች ብዙም ሳይቆይ ታይፔ ካለችበት ከዋናው ደሴት አንድ የመንገድ ሹም መጣ። ከመንደሩ በላይ ባለው ሸለቆ መንገድ ሊያሳልፉ አስበዋል። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሰበሰበንና ካርታውን ዘርግቶ "ይህ ጫካ የማን ነው?" ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ የእግራቸውን ጣት ማየት ያዙ። "እንግዲያው ባለቤት የለውም ማለት ነው" አለና ካርታውን ጠቀለለ። ልጄ ከኋላ ተቀምጣ ከንፈሯን ስትነክስ አየኋት።

ሽማግሌዎቹ ዝም ያሉት ባለቤት ጠፍቶ አይደለም። እያንዳንዱ ቤት ለጀልባ የሚሆን ዛፍ አለው፤ አያት በመጥረቢያ ምልክት ያደርግበታል፣ አባት ሐረጉን እየመነጠረ ይጠብቀዋል፣ ልጅ ይቆርጠዋል። የት እንደሆነ ግን በአፍ አይነገርም። ዕረፍት ያላገኙ ሙታን ይሰማሉ፣ ጎረቤትም ይሰማል። አባት ልጁን ይዞ ይወጣና መንገዱን ቃል ሳይተነፍስ በእጁ ያሳየዋል፤ በቃ። ጎረቤታችን ሲያፐን ኮታን፣ በአጭሩ ኮታን የምንለው፣ ከአባቴ ጋር ዕድሜ ልኩን በአንድ ጀልባ ዓሣ ያጠመደ ሰው ነው። ሆኖም አንዱ የሌላውን ዛፍ አያውቅም።

የእኛን ቤት ዛፍ አባቴ ያሳየው ለታላቅ ወንድሜ ነበር። ወንድሜን ባሕር ወሰደው። ለእኔ ሊያሳየኝ በሚገባው ዘመን ዋናው ደሴት ላይ ለሰው ፎቅ ሲሚንቶ አቦካ ነበር። ስመለስ የአባቴ ጉልበት እምቢ ብሎ ጠበቀኝ። አሁን ደግሞ ልቡም እየከዳው ነው፤ አንዳንድ ጠዋት በሟቹ ወንድሜ ስም ይጠራኛል። እኔም አቤት እላለሁ፤ ምን ላድርግ? ዛፉን ሳያሳየኝ ቢሞት የሹሙ ቃል ለእኛ ቤት እውነት ሊሆን ነው። ይህ ነገር እንቅልፍ ነስቶኝ ሌሊቱን ያገላብጠኝ ጀመር።

ስብሰባው ካለፈ በኋላ አንድ አመሻሽ ላይ፣ ሽማግሌዎቹ ወደ ባሕሩ ዞረው በሚያወጉበት የእንጨት መደብ ላይ እንደተቀመጡ ማሳራይ መጥታ ከእግራቸው ሥር ቁጢጥ አለች።

"አባቶቼ፣ ዛፋችሁ የት እንደሆነ አትንገሩኝ። ጫካው የሰው መሆኑን ብቻ ሹሙ ይወቅ።"

ኮታን አፍ የሚያቀላውን ፍሬውን ያኝካል። "ይቺ ልጅ ዓሣውን ሳትነካ ሾርባ ልትጠጣ ነው" አለ።

"እንደሱ ያለ ሾርባ ካለ ንገሩኝ፤ እጠጣለሁ" አለችው።

ሳቁ። ኮታን ብዙ አኘከ። ከዚያ ተፋና "ሹሙን ይዘሽ ተረተሩ አናት ላይ ቁሚ" አላት። "እኛ እያንዳንዳችን ከዛፋችን ሥር ቆመን ስማችንን እንጥራ። ጫካ ውስጥ ድምፅ ይሰማል እንጂ ከየትኛው ግንድ ሥር እንደወጣ ማን ያውቃል?"

"የአንተንማ ከእንቁራሪት ማን ይለየዋል" አለ አባቴ።

መደቡ በሳቅ ተናጋ። ኮታን ግን መሸነፍ አይወድም፤ "አንተስ በማን እግር ልትወጣ ነው?" አለው።

ሳቁ ቆመ። ኮታን ራሱ የተናገረው ነገር ቆጨው መሰለኝ፣ ጢሙን ማሻሸት ያዘ። አባቴ ባሕሩን ያያል።

"በእኔ" አልኩ።

በተቀጠረው ቀን ጠዋት አባቴን በጎደሬ ቅርጫት ማንገቻ ጀርባዬ ላይ አሰርኩት። ከበራሪ ዓሣ ቋንጣ በቀር ምንም አይበላም፤ ሆኖም ከባድ ነበር።

"ቀስ በል፤ ጎደሬ አይደለሁም" አለኝ።

"ጎደሬማ አፍ የለው" አልኩት።

ከዛፎቹ ጥላ ሥር ስንገባ ቀልዱ አበቃ። ከዚያ ወዲያ ዛፉ ጋ እስኪደረስ መነጋገር ነውር ነው። አባቴ በእጁ ይመራኝ ጀመር፤ ቀኝ ትከሻዬን ሲነካ ወደ ቀኝ፣ ግራዬን ሲነካ ወደ ግራ እታጠፋለሁ። መጀመሪያ እጁ ያመነታ ነበር። እየወጣን ስንሄድ ግን ረጋ አለ፤ ቤት ውስጥ ስሜን የሚረሳ ሰው እዚህ እያንዳንዱን ድንጋይ ያውቃል። ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለም ደስ አለኝ።

ወንዙ ለሁለት ከሚከፈልበት ስንደርስ እጁ ቆመ።

ጠበቅኩ። ውሃው ቁርጭምጭሚቴን በቅዝቃዜው ይቆረጥመኛል። አባቴ ጀርባዬ ላይ ይተነፍሳል፣ እጁ ግን ከሁለቱም ትከሻዬ የለም። ጠፍቶበታል። አንገቴ ላይ ትኩስ ነገር ጠብ አለ፤ ላብ ይሁን እንባ ዞሬ ማየት አልፈለግኩም። ፀሐይዋ ወጥታ ከተረተሩ አናት ደርሳለች፤ የተቀጣጠርነው ለዚያች ሰዓት ነው። ልጄ ከሹሙ ጋር እዚያ ላይ ቆማለች፣ እኛ ደግሞ ወንዝ ውስጥ ተገትረናል።

ያን ጊዜ ከበስተቀኛችን ከዛፎቹ መሃል ጎርናና ድምፅ ተነሳ።

"ሲያፐን ኮታን!"

ከኋላችን፣ እሾህ ብቻ ነው ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ ካለፍኩት ቦታ ሌላው መለሰ፤ "ሲያማን ሎማቴክ!" ከገደሉ በታች "ሲያፐን ቮንጋያን!" አለ ሌላው። ከዚያ ከላይ፣ ከዚያ ከማዶ፣ ከዚያ እዚሁ አፍንጫዬ ሥር ካለው ጉም ውስጥ፤ ማን እንደሆነ ሳልለይ ሌላው ይቀጥላል። ፍየል ፍለጋ ስንት ጊዜ የተመላለስኩበት ጫካ ነው! ሰው የሌለበት ይመስለኝ ነበር። ለካ ከሰው ጓሮ ወደ ሰው ጓሮ ስሻገር ኖሬያለሁ። ፀጉሬ ቆመ። ፍርሃትም ነበር፣ ደስታም ነበር፤ በቤተ ክርስቲያን እንኳ እንደዚያ ሆኜ አላውቅም።

አባቴ ቀና አለ። የኮታን ድምፅ እንደገና ሲመጣ በጆሮው ተከተለው፤ በኋላ እንደነገረኝ፣ ድሮ ከዛፋችን ሥር ሐረግ ሲመነጥር የኮታን ሳል ከዚያው ማዶ ይሰማው ነበርና የእኛ ከወዴት እንደሚሆን ገባው። ግራ ትከሻዬን በኃይል መታኝ፤ በዚያው ታጥፌ ጥቂት ወጣንና ደረስን።

ዛፉ ሥሩ ብቻ ከቁመቴ ይበልጣል። አናቱን ለማየት አንጋጥጬ ወደ ኋላ ልወድቅ ነበር። አባቴን ሳወርደው ከሥሩ መካከል እየዳኸ ገባና ሳይፈልግ፣ ሳያመነታ የራሱን አገጭ በዳበሳ እንደሚያገኝ ሰው፣ አንድ ቦታ ላይ ያለውን ሽበታም ሻጋታ በመዳፉ ጠረገው። ምልክቱ ብቅ አለ፤ ቅርፊቱ እንደ ከንፈር ገጥሞበታል።

"ይህ የእኔ" አለኝ በሹክሹክታ። እጄን ይዞ ዝቅ አደረገው። "ይህ የአባቴ።" ከዚያ በታች ዓይን የማያየው፣ ጣት ብቻ የሚያገኘው ጠባሳ ነበር። "ይህን የመታውን አላውቀውም።"

"ታዲያ ለምን አልቆረጣችሁትም?"

"ገና ነዋ። ያን ጊዜ ቀጭን ነበር።"

እያንዳንዱ ቀጭን ነው እያለ፣ በሌላ ዛፍ ጀልባውን እየሠራ፣ ይህን ለሚቀጥለው እያቆየ መጥቶ መጥቶ እኔ ላይ ደረሰ። ስሜን የማያውቅ ሰው አስቦኝ ነበር። ግንዱን ተደገፍኩ።

አባቴ ሊጣራ አየር ሳበ። የወጣው ሳል ነው።

"አንተ ጥራ" አለኝ።

"የማንን ስም?"

"የእኔንም ጥራ፣ የአንተንም ጥራ። ምን ለየው?"

አፌን ልከፍት ስል አንድ ነገር ገባኝ። እስካሁን ጫካው ሲጣራ የሰማሁት አንድም የሽማግሌ ስም አልነበረም። ኮታን የሚባለው የሽማግሌው የልጅ ልጅ፣ ዋናው ደሴት ላይ ሐኪም ቤት የሚሠራ ጎረምሳ ነው። ሎማቴክ ፊደል እየቆጠረ ነው። ቮንጋያን ገና አንገቷ ያልጠና ሕፃን ናት።

ባለኝ ጉልበት ጮህኩ። "ሲያፐን ማሳራይ! ሲያማን ማሳራይ!" ድምፄ መሃል ላይ ተሰበረና ወደ ላይ የወጣው የመጨረሻው ብቻ ነው፤ ማሳራይ።

ቅጠል እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ከሩቅ፣ ከተረተሩ አናት፣ የልጄ ድምፅ መጣ።

"አቤት!"

አባቴ ግንዱን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። "ሰማች" አለ፤ ለእኔ ይሁን ለዛፉ አላውቅም።

ሹሙ ያን ሰዓት "ማን ነው የጠራሽ?" ብሎ እንደጠየቃት በኋላ ነገረችኝ። ያንን ሁሉ ትምህርት ተምራ እጇን ብቻ ወደ ጫካው ዘርግታ አሳየችው። የመንገዱ ጉዳይ አሁንም በስብሰባ ላይ ነው። ባለቤት የለውም የሚለው ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አልተነሳም።

አባቴን መልሼ አዘልኩትና ወረድን። ወንዙ ከሚከፈልበት ስደርስ እንደ ጠዋቱ ቆሜ እጁን ጠበቅኩ። እጁ አልመጣም። አንገቴ ሥር ያንኮራፋል። በየት እንደመጣን አስታወስኩና እንዳልቀሰቅሰው ቀስ ብዬ እየረገጥኩ በቀኝ በኩል ወረድኩ።