የሱቁን ኮምፒውተር የያዘው

የሁለት ሺህ አምስት መውሊድ ሊገባ ነው፤ የራቢያ ትዕግሥት ግን አልቋል። ሸዋ በር ያለው ሱቋ መንዙማ በሜሞሪ ካርድ ይጭናል። ገበያው በደራበት ሳምንት ኮምፒውተሩ ቀጥ እያለ፣ ሰዉ ማዶ ወደ ሱሌማን ሱቅ መሻገር ጀመረ። መውሊድ ካለፈ ደግሞ እስከ ከርሞ ማን መንዙማ ላስጭን ብሎ ይመጣል?

ታናሽ እህቷ ጣይባ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። ጧት መጥታ ከተቀመጠች አልተነሳችም፤ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ፊደል እንደ ጎርፍ ይወርዳል።

«ምኑን ነው የምታይው?» አለች ራቢያ።

«ማን ማንን እንደሚያስጠብቅ። ኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ ከመጻፉ በፊት ምን ሊጽፍ እንደሆነ መዝገብ ላይ ያሰፍራል፤ መብራት ድንገት ቢሄድ እንዳይምታታበት። መዝገቡ ያለው አንድ ቁልፍ ነው። አንዱ ከያዘው ሌላው ቆሞ ይጠብቃል።»

«መጠበቁንማ እኔም አይቻለሁ። ሸህ እንድሪስም አይተዋል።»

ሸህ እንድሪስ የቢስቲማ ሰው ናቸው፤ በሩ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ካርዳቸው ቫይረስ አለበት። ከመጽዳቱ በፊት የልጃቸው የሠርግ ፎቶ ወደ ሱቁ ኮምፒውተር ሲገለበጥ መሃል ላይ ቆመ። አሁን ቢነቀል ፎቶው ይበላሻል።

«ሱሌማን ጋ እንዳልሄድ ካርዴን አሰራችሁብኝ» አሉ። «ሚኒባሱም ጥሎኝ ሊሄድ ነው።»

«አፉ በሉኝ፣ ሸሁ» አለችና ራቢያ ወደ እህቷ ዞረች። «አጥፍተሽ አብሪው በቃ።»

«ሳምንቱን ሙሉ ስታጠፊ ስታበሪ ዳነልሽ?»

አልዳነም።

ጣይባ አንዱን መስመር በጣቷ ያዘች። «ያውልሽ። በየሰከንዱ ቁልፉን የሚነጥቀው ይሄ ነው። ሌላው የጀመረው ሁሉ ዲስክ ላይ እስኪወርድ ድረስም አይለቅም።»

«ማነው እሱ?»

ጣይባ በአገጯ በሩ ላይ የቆመውን ሞንታርቦ አሳየቻት። መንዙማው መንገዱን ሞልቶታል። «እሱን የሚያጫውተው ፕሮግራም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ካቆመበት እንዲቀጥል፣ የት እንደደረሰ በየሰከንዱ ይጽፋል።»

«እንዲህ አድርጎ ማን ሠራው?»

«አንቺ አዘዝሽ፣ እኔ ሠራሁ።»

እውነቷን ነው። የተጀመረ መንዙማ ወደ ኋላ አይመለስም ብላ ድርቅ ያለችው ራቢያ ናት። ሞንታርቦውን እንዳትዘጋው ደግሞ ገበያተኛ የሚጠራላት እሱ ነው።

«በየአምስት ደቂቃው ይጻፍ፤ ይበቃዋል» አለች ጣይባ።

«መሃል ላይ መብራት ቢሄድስ?»

«ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ ይደግማል።»

«አይደግምም አልኩሽ እኮ።»

«እንግዲያ ሰዉ ይጠብቃ፣ እታለም።»

ሸህ እንድሪስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ራቢያ፣ በነቢ ላይ ሶለዋት ስናወርድ አንዴ ብለን ነው እንዴ የምንተወው? ይልቅ የልጄን ፎቶ ስጡኝ።»

ራቢያ ግን አልተዋጠላትም። ሁለት ጎረምሶች ከሱሌማን ሱቅ እየተሳሳቁ ሲወጡ አየች።

«አስተካክይው» አለች። «አምስት ግን አይሁን። ሦስት።»

ጣይባ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ጻፈች። ወዲያው የሠርጉ ፎቶ ተንደርድሮ ገባ። ካርዱ ጸድቶ መንዙማው እንደተጫነ ሸህ እንድሪስ መርቀው ወደ መናኸሪያ ቸኮሉ።

ራቢያ በር ላይ ወጥታ ጎረምሶቹን ጠራች። «ኑ፣ እዚህ ይጫናል።»

«ሱሌማን ጭኖልናል።»

«ቫይረሱንስ አጸዳላችሁ?»

ልጆቹ ተያዩ። ከዚያ መንገዱን ተሻገሩ።