የሸህ መሐሙድ እንቅልፍ

ሸህ መሐሙድ ለእርቅ በተቀመጡበት ሁሉ ዓይናቸውን ይከድናሉ። የመካነ ሰላም ሰው ይህን እንደ ጸጋ ነበር የሚያየው። «እሳቸው ዓይን ከድነው ነው የሰው ልብ የሚያዩት» እየተባለ፣ እስላም ክርስቲያኑ እስከ ወረኢሉ ድረስ ይጠራቸዋል። ምን ልብ! እንቅልፍ ነው እንጂ! ሌሊት ትንፋሻቸው እየተቆረጠ ሲባንኑ ያድራሉ፤ ቀን በተቀመጡበት ሸለብ ያደርጋቸዋል። ይህን ለሰው ማን ይናገራል? ሚስታቸው ኡምኩልሱም እንኳ ለጎረቤት ትንፍሽ አላለችም።

ኋላ ጅዳ ያለችው ልጃቸው ፈይዛ ለእረፍት መጣች። አባቷ ሲያንኮራፉ ድንገት ጸጥ ማለታቸውን ሰምታ፣ ሞቱብኝ ብላ ጮኸች። በሳምንቱ አዲስ አበባ ወስዳ አስመረመረቻቸው። ሐኪሙም ቱቦና የአፍንጫ ጭምብል ያለው፣ ተኝተው ሳለ አየር የሚነፋ ማሽን አዘዘላቸው።

መልመዱ ግን የዋዛ አልነበረም። አፋቸውን ሲከፍቱ ነፋሱ በአፍንጫ ገብቶ በአፍ ይወጣል። «ወናፍ አደረጋችሁኝ!» ብለው ጭምብሉን ወረወሩት። ኡምኩልሱም ሳቋ መጣ። «አንቱ፣ አውሮፕላን ሊነዱ ነው እንዴ?» አለቻቸውና አንስታ ጠራረገችው። ሐኪሙ ቀን ቀን ይለማመዱ ብሎ ስለነበር፣ ከዙህር ሶላት በኋላ ጭምብሉን አድርጋላቸው፣ ሬዲዮ ከፍታ ታስቀምጣቸዋለች። መጀመሪያ ሩብ ሰዓት፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት። መብራት ሲጠፋ «አልሐምዱሊላህ፣ ተገላገልኩ» ይሉ የነበሩት ሰውዬ፣ አንድ ቀን «ይሄ መብራት ደግሞ ዛሬም ጠፋ?» ብለው ሲቆጡ ሰማች። ያኔ ለመዱት አለች።

በወሩ ጭንቅላታቸው ጠራ። የባለጉዳዩን ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ መስማት ጀመሩ። ወይ ጉድ፣ ለካ ሰው ስንት ነገር ይናገራል! ይህኔ ነው ሐሳብ የገባቸው። ባለፈው መስከረም እታገኘሁ የምትባል ሴት በባሏ በአለኸኝ ላይ አቤት ብላ መጥታ ነበር። ሸህ መሐሙድ ሲነቁ ሴትየዋ እያለቀሰች ነው። ምን እንዳለች አልሰሙም። እፍረት ይዟቸው፣ «የባልሽን ቃል አክብሪ» ብለው መርቀው አሰናበቷት።

«ያቺ እታገኘሁ እንዴት ሆነች?» ሲሉ ኡምኩልሱምን ጠየቋት።

«አልሰሙም? ባሏ ልጇን ከዘጠነኛ ክፍል አስወጥቶ ዓረብ አገር ሊልካት ነው። እናትዮዋ አሻፈረኝ ብትል፣ ‹ሸህ መሐሙድ ፈርደውልኛል› ይላታል። ለጉዞው ሳምንት አልቀረም አሉ።»

ምሳውን ገፋ አድርገው ተነሡ። ፍርዱን ለመሻር ምክንያት ያሻል። ምክንያቱን ከተናገሩ ደግሞ የሠላሳ ዓመት ስማቸው ገደል ገባ። ዝም ካሉ ልጅቷ ሄደች። ሁለት ቀን ሙሉ ከራሳቸው ጋር ተሟገቱ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ባልና ሚስቱንም፣ ያኔ መስከረም ላይ አብረዋቸው ለእርቅ የተቀመጡትን ሽማግሌዎችም አስጠሩ።

«ልጄ፣ አፉ በይኝ» አሏት እታገኘሁን። «ያን ቀን ነገርሽን አልሰማሁም። ተኝቼ ነበር።»

ለዓመታት አብረዋቸው ሲያስታርቁ የኖሩት ጋሽ አምላኩ ቶሎ ብለው፣ «ኧረ ሸሁ፣ ትሕትናዎ ነው እንጂ!» አሉ።

«ትሕትና አይደለም፣ እንቅልፍ ነው! ፍርዱም ተሽሯል።»

አለኸኝ ደንግጦ ብድግ አለ። እታገኘሁ ግን አልደነገጠችም።

«አውቅ ነበር አባቴ» አለች። «ያንኮራፉ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ዝም አላልኩም። እንዲነቁልኝ ብዬ ድምፄን ከፍ ሳደርግ፣ ጋሽ አምላኩ ‹ቀስ በይ፣ እንዳትቀሰቅሻቸው› አሉኝ።»

ጋሽ አምላኩ አቀረቀሩ። ሸህ መሐሙድ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አዩዋቸው፤ ቀና ብሎ የሚያያቸው አንድም አልነበረም። ለካ ሁሉም ያውቁ ኖሯል። ፊታቸው በእፍረት ጋለ። ቢሆንም ወደ ሴትየዋ ዞሩ።

«በይ እንግዲህ ልጄ» አሏት፤ «ከመጀመሪያው ጀምሪ። ጮክ ብለሽ።»