ሦስተኛው «በቃ»

ቪታራ መኪናችን ሳጥን ነው። ኮፈኑ ጠፍጣፋ፣ መስኮቶቹ ቀጥ ያሉ፣ ማዕዘኖቹ በማስመሪያ የተሰመሩ የሚመስሉ። ባለቤቴ ደግፌ የገዛው ልጃችንን ሉሲን አርግዤ ሳለሁ ነው። ገና ሳየው «ይሄ ነገር ኩርባ ላይ ይገለበጣል» አልኩት። እስካሁን አልተገለበጠም። አይገለበጥም ማለት ግን አይደለም።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ የኋላ በሩ ነበር። ትርፍ ጎማው የተሰቀለው በሩ ላይ ስለሆነ ወደ ላይ አይነሳም፤ እንደ ቁም ሳጥን ወደ ጎን ነው የሚከፈተው። አየር ጤና ዳር ይዘን ዕቃ ስንጭን በሩ የእግረኛውን መንገድ ይዘጋል፤ እኛ ደግሞ ሚኒባሶቹ በሚያልፉበት በኩል እንቆማለን።

«እኔን ለማስገጨት ነው እንዲህ የሠሩት» እላለሁ።

«እማዬ፣ የሠሩት ሰዎች እኮ አገራቸው በግራ ነው የሚነዳው» ትለኛለች ሉሲ። «እነሱ ጋ ዕቃ የሚጫነው በእግረኛው በኩል ነው።»

«ታዲያ እኛን ማን አሰበን?»

ልጄ መኪና ነፍሷ ነው። ሌላዋ ሴት ልጅ ስለ ጫማ እንደምታወራ እሷ ስለ መኪና ቅርጽ ታወራለች። አንድ ቀን ልብስ እያጠብኩ መጥታ የቪታራን ትውልድ በሳሙና አስረዳችኝ። የእኛው የመጀመሪያው ነው፤ ገና ከወረቀቱ የወጣ ሳሙና። ሁለተኛው እጅ የታጠቡበት፣ ማዕዘኑ የሟሟ። ሦስተኛው ሰፋ፣ ደንደን ብሎ መጣ፤ ጎማውን ግን ከጀርባው አላወረደም።

«አራተኛው ነው ያወረደው» አለችኝ። «በሩም ወደ ላይ ተነሳ።»

«ጎማው የት ገባ?»

«ከወለሉ ሥር።»

«ከኋላ ምን ይጠብቀዋል ታዲያ?»

«ምንም።»

የተማሩ ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ያደርጋሉ ብዬ ለማመን ከበደኝ። ምክንያቱም እኛን ያኖረን ያ ጎማ ነው።

ቤታችን ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። ቅያሱ ጠባብ፣ ግቢውም ጠባብ፤ መዞሪያ ስለሌለው መኪና የሚገባው ወደ ኋላ ነው። የግቢያችን መጨረሻ የጎረቤታችን የሃፊዛ ቤት ግድግዳ ነው። ደግፌ ሲመጣ እወጣለሁ። እጄን ጎማው ላይ አድርጌ «ና! ና! ና! በቃ!» እላለሁ። የእኔ «በቃ» ግን ሁለት ክንድ ይቀድማል። ግድግዳ ከተመታ በኋላ «በቃ» ቢሉ ምን ይጠቅማል? ደግፌ ይህን ስለሚያውቅ በመጀመሪያው አይቆምም፣ በሁለተኛውም አይቆምም። በሦስተኛው ፍሬን ይይዛል፤ ጎማውም ግድግዳውን ሳም ያደርገዋል። ያኔ የሃፊዛ መደርደሪያ ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንቀጫቀጩና ከግድግዳው ወዲያ ትጣራለች።

«ደግፌ ገባ?»

«ገባ!»

«አልሐምዱሊላህ!»

ግድግዳው ላይ ክብ ጥቁር ምልክት አለ። ሃፊዛ ለዒድ ባስቀባች ቁጥር፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ጎማው ተመልሶ ያትምበታል። «ግድግዳዬን ኩል ኳላችሁት እኮ!» ትለናለች።

ዘንድሮ ሉሲ የምትሠራበት የመድኃኒት አስመጪ ድርጅት መኪና ሰጣት። ቪታራ ነው፤ ግን አራተኛው፣ ጀርባው ባዶ የሆነው። ደስ አለኝ ልል ስል ጨመረችልኝ።

«ውጭ ማሳደር አይቻልም፤ የግድ ግቢ ውስጥ መግባት አለበት። ካልገባ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ዘነበወርቅ ሰፈር ቤት እንከራያለን። ሰፊ ግቢ አለው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘነበወርቅን ሳስብ የሚታየኝ ቡታጋዝ ሳይዘጋ የተረሳበት ቤት ነው። ልጄ ምሳዋን የምትረሳ፣ ጃንጥላዋን የምትረሳ ልጅ ናት። ደግፌ የራሱን ሳጥን መኪና አየር ጤና፣ የቧንቧ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ግቢ ወስዶ አቆመና ቦታውን ለቀቀላት።

ቅዳሜ ከሰዓት ሉሲ መኪናውን ይዛ መጣች። ካፊያ ነበር። ወደ ኋላ ቅያሱ ውስጥ እንደገባች መኪናው ይጮህ ጀመር፤ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጢጢጢጥ።

«ምን ሆነ?» ብዬ ጮህኩ።

«ፈርቶ ነው!» አለች በመስኮት። «ነገር ሲጠጋው ይጮሃል።»

«ምን ተጠጋው?»

«በግራ ግድግዳ፣ በቀኝ ግድግዳ፣ ከኋላ አንቺ!»

ደግፌ የግቢውን በር ይዞ ቆሞ ሳቀ። «እናትሽን ተናኘን ገጥመውበታል በይኛ!»

ሁለቱም ሳቁብኝ። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ መኪናው ደስ አለኝ፤ የሚያስብ ሰው ሠርቶታል ማለት ነው።

እጄን እንደ ልማዴ ጀርባው ላይ ላሳርፍ ስል ያገኘሁት ቀዝቃዛና እርጥብ መስታወት ነው። ደነገጥኩ። «በቃ!» አልኩ። ሉሲ በመጀመሪያው ቀጥ አለች። የመኪናው አፍንጫ ውጭ ቀረ፤ በሩ አይዘጋም።

«ምን ሆነሽ ነው የቆምሽው?» አላት አባቷ። «ገና የመጀመሪያው በቃ ነው እኮ!»

«አባዬ፣ ያንተ መኪና ቀድሞ የሚነካው ጎማ ነው። ይሄ ቢነካ መስታወት ነው። የድርጅት ንብረት!»

ወደ ቅያሱ ነድታ ወጥታ እንደገና ሞከረች። እኔ ፈራሁ፣ እሷ ፈራች፣ መኪናው ጮኸ። አፍንጫው አሁንም ውጭ ነው። ሉሲ ሞተሩን አጥፍታ ወረደችና በሩንና አፍንጫውን አየት አደረገች።

«ይቅር እማዬ። ሰኞ ባልደረባዬን ለዘነበወርቁ ቤት እሺ እላታለሁ።»

ድምፅዋ ቁጣ የለበትም። ቁጣ ቢኖርበት እመርጥ ነበር። ዞሬ ግድግዳውን አየሁ። ጥቁሩ ክብ እዚያው ነው።

«ደግፌ፣ ጎማውን አምጣው።»

«የቱን?»

«ሱቁ ጓሮ የጣልከውን፣ ፊቱ የተላጨውን።»

«ምን ልታደርጊው?»

«እነሱ ከመኪናው ጀርባ ካወረዱት እኛ ግድግዳው ላይ እንሰቅለዋለና!»

ደግፌ አፉን ከፍቶ አየኝ፤ ከዚያ ሳይከራከር ሄደ። እኔ የሃፊዛን በር አንኳኳሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት፤ ዘነበወርቅንም፣ ቡታጋዙንም።

«ግድግዳሽ ላይ ሚስማር ልንመታ ነው።»

«ኩሉ አንሶት ጉትቻ ልታደርጉለት?» አለችኝ። ከዚያ ክንዴን ያዝ አድርጋ «ምቱት» አለች። «ልጅቷ ከምትሄድ ግድግዳው ይበሳ።»

ደግፌ በሳጥኑ መጣ፤ ቅያሱ አፍ ላይ አቁሞት ጎማውን እያንከባለለ ገባና ጥቁሩ ክብ ላይ ለካው።

«ዝቅ አድርገው» አልኩ።

«ምልክቱ እኮ እዚህ ነው!»

«የሳጥኑ ጎማ የሚደርሰው እዚያ ነው። የሉሲ እዚያ ጋ መስታወት ነው። ዝቅ!»

ሉሲ መጥታ የኋላውን ባምፐር በጉልበቷ ለካች፤ በዚያው ጉልበቷ ግድግዳው ላይ አሳየችው። «እውነቷን ነው አባዬ፣ እዚህ ጋ።» ደግፌ ሚስማሩን መታ፣ ጎማውን በገመድ አሰረ። እኔ ቋጠሮውን ደግሜ አጠበቅኩት።

ሉሲ ገብታ ጩኸቱን አጠፋችው። ካፊያውን ከቁም ነገር ሳትቆጥር መስኮቱን እስከ ታች ከፈተች።

«አንቺ በይኝ እማዬ።»

ስንት ዘመን «ና» ስል ኖሬ «ነይ» ማለት ለአፌ እንግዳ ሆነብኝ።

«ነይ፣ ነይ፣ ነይ... በቃ!»

አልቆመችም። ልክ እንደ አባቷ።

«በቃ!»

አሁንም አልቆመችም። ከመኪናውና ከጎማው መካከል ወደ ጎን ወጥቼ የጎኑን ግድግዳ ታከክሁ።

«ኧረ በቃ!»

ባምፐሩ ጎማውን ሳም አደረገውና ቆመ። ከግድግዳው ወዲያ ብርጭቆዎች ተንቀጫቀጩ። ደግፌ በሩን ገፋው፤ ትንሽ ከፍ አድርጎ ሲይዘው መወርወሪያው ገባለት።

«ሉሲ ገባች?» አለች ሃፊዛ።

ሉሲ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ ታየኛለች።

«ገባች!» አልኩ።

ሁለቱ ወደ ቤት ሲገቡ እኔ ወደ ኋላ ቀረሁና ሚስማሩን ይዤ ነቀነቅኩት። አልተነቃነቀም። ለጊዜው።