ከግድግዳው የወጡ ጥዶች

ግንበኛው ወልደተንሣኤ ከደብረ ብርሃን የመጣው ቤት አይቶ ሊመለስ ነበር። የቤቱ ባለቤት ብርሃነ መስቀል ከአንኮበር በታች ያለውን የቅድመ አያቶቹን ቤት ፍርስራሽ አስጠግኖ የእንግዳ ማረፊያ ሊያደርገው አስቧል። ከዚያ ሁሉ ግቢ ጣሪያ የተረፈለት አንድ ክፍል ብቻ ሲሆን፣ እዚያ መራመድ ያቃታቸው እናቱ እሜቴ እናናየሁ ይኖራሉ።

ሰኔ ገብቷል፤ ጉሙ ከቆላው እየተጎተተ ይወጣል። ወልደተንሣኤ አዳራሹ መሃል ሲደርስ ባርኔጣውን አወለቀ። ጣሪያው ከወደቀ ዘመን ስላለፈው ወለሉን ሣር ወርሶታል፤ የኖራው ልስን ግን ዛሬም እንደ እንቁላል ቅርፊት ለስላሳ ነው። ግድግዳው ላይ የተቦረቦሩት የኩራዝ ማስቀመጫዎች ጢሱ ሽቅብ እንዲሄድ አናታቸው ሾጠጥ ብሏል። የጥንቱ የቤቱ ጌታ ይቀመጡበት የነበረው መደብ ከበሩ ትይዩ ሳይሆን ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ተሠርቷል፤ ነፋሱ እንዳይመታቸው፣ የሚገባውን ሰው ግን ቀድመው እንዲያዩት። ይህን የሠራ ሰው መኖር ያውቅበት ነበር ሲል አሰበ።

አዳራሹን ከእናትየው ክፍል የሚለየው ግድግዳ ጋ ሲደርስ ግን ቆመ። በጉልበት ልክና በደረት ልክ፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ የሆነ ነገር የወጣበት ባዶ ቦይ ተዘርግቷል።

እዚህ ምን ነበር ብሎ ጠየቀ። ብርሃነ መስቀል ደስ እያለው አጫወተው። የጥድ እንጨት ነበር፤ የድሮ ሰው ለጌጥ ያጋደመው። እናቱ በጥቅምት ሕመም በጸናባቸው ጊዜ ስለት ተስሎ ነበርና፣ ሲድኑ አሥራ አንዱንም ፈልቅቆ ለደብሩ ጣሪያ ሰጠ። ቄሱም መረቁት።

«ለጌጥ አይደለም፣ ጋሼ» አለ ወልደተንሣኤ። «ድንጋዩን አንድ ላይ የያዘው እሱ ነው።»

«እናንተ የከተማ ግንበኞች፣ ሲሚንቶ ያልነካው ሁሉ የሚወድቅ ይመስላችኋል።»

ወልደተንሣኤ ወደ ግድግዳው ጎንበስ አለ። ጣቱን ወደ ቦዩ ሲሰድ ኖራው እንደ ዱቄት ፈሰሰ። ጣቱን ካወጣም በኋላ መፍሰሱን አላቆመም።

እሜቴን ዛሬውኑ እናውጣቸው አለ። ብርሃነ መስቀል አይሆንም አለው፤ እናቱ ከዚህ ቤት ሬሳዬ እንጂ እኔ አልወጣም ብለው ምለዋል፣ ያለፈቃዳቸው የሚነካቸውንም ይረግማሉ።

ገቡ። የአሮጊቷ አልጋ ከዚያው ግድግዳ ሥር ነው። ከሰላምታው በኋላ ሰሞኑን አፈር እየረገፈ እንዳስቸገራቸው፣ አይጥ መስሏቸው ልጃቸውን ድመት አምጣልኝ እንዳሉት ነገሩት። ወልደተንሣኤ የጥዶቹን ነገር፣ ግድግዳውም ሊወድቅ እንደሆነ አንድም ሳያስቀር አስረዳቸው። ልጅየው ስለቱን ደብቋቸው ኖሯል።

እሜቴ ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ ጋቢያቸውን ገፈፍ አደረጉ።

«አንሡኝ።»

ሁለቱ ከነአልጋቸው ተሸክመው ግቢው ዳር አኖሯቸው። ብርሃነ መስቀል ላቡን እየጠረገ፣ ነገ ማልዶ ሄዶ እንጨቶቹን እንደሚያስመልስ ነገራቸው።

«ለታቦት የተሰጠ አይመለስም» አሉ። «ይልቅ አልጋዬን ወደ ቤቱ አዙርልኝ።»

አዞረላቸው። ካፊያው ጀመረ። ከውስጥ አንድ ድንጋይ ሲወድቅ ተሰማ፤ ቆየት ብሎ ሌላ።