ጽኑ ነው አለች

ቡሎን የሚሉት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው፤ አንዴ ከያዘ አይለቅም ለማለት። ሊፍት ጠጋኝ ነበር። አንድ የቢሮ ሕንፃ ውስጥ የዛገ ገመድ ሲቀይር የታጠቀው ቀበቶ ከዳውና ቁልቁል ወረደ። ነፍሱ ግን አልወጣችም። ከሳምንታት በኋላ ዓይኑ ተገለጠ፤ የሚያየው ነገር ግን አልነበረም። እጅ ቢያወዛውዙለት አይከተልም፣ ቢጠሩት አይዞርም።

ሐኪሟ ቤተሰቡን የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሰብስባ ስታስረዳ ቆየችና ቃል ሲያጥራት በእንግሊዝኛ ጨረሰችው። «ሁኔታው ፐርሲስተንት ሆኗል» አለች። ወዲያው ከሌላ ክፍል ተጠርታ እየሮጠች ሄደች።

እናትየው ወደ ሴት ልጃቸው ዞሩ። የቡሎን ታናሽ እህት የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናት።

«ምን አለች? የፈረንጅ አፍ የምታውቂው አንቺ አይደለሽ?»

እህት ቃሉን አሳምራ ታውቀዋለች። በቅርቡ እንኳ ሰሌዳ ላይ ጽፋ አስተምራዋለች። ለሰው ሲነገር ሙገሳ ነው፤ የማይታክት፣ ወድቆ የሚነሳ። ለሳል ወይም ለሕመም ሲነገር ግን አልለቅ ያለ፣ አልሻል ያለ ማለት ነው። ተማሪዎቿ «ቲቸር፣ ታዲያ ስድብ ነው ምርቃት?» ብለው ሲስቁ፣ «ከማን ጋር እንደተቀመጠ እዩ» ብላቸው ነበር።

አሁን የእናቷን ፊት አየች። ከንፈራቸው ደርቋል፤ የሹራባቸውን ጫፍ ጨምድደው ይዘዋል።

«ጽኑ ነው አለች፣ እማ።»

«ጽኑ?»

«አዎ። እጅ የማይሰጥ።»

«ድሮስ!» አሉ እናት፣ እንባቸው ዱብ ዱብ እያለ። «እኔ አላውቀውም? ሆዴ ውስጥ ሳለ እንኳ ግትር ነበር!»

የቡሎን ሚስት፣ ፀጉር ሠሪዋ፣ እህትን በክንዷ ይዛ ወደ መስኮቱ ሳበቻት።

«ጽኑ ያለችው እሱን ነው ወይስ ሕመሙን?»

እህት ዞራ እናቷን አየች። ሚስት ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተችና መሬት ላይ ተቀመጠች።

ሆስፒታሉ እንዲህ ያሉ ሕሙማን የሚጦሩበት ቤት እንዲወስዱት ሲመክር እናት አሻፈረኝ አሉ። «ሐኪሟ ራሷ መስክራለታለች፤ ልጄን ለማን ነው የምጥለው?» ቤታቸው የፊተኛው ክፍል ውስጥ አልጋ አስገብተው አስተኙት። በቱቦ ያበሉታል፣ ገላውን ያጥቡታል፣ ጀርባው እንዳይቆስል ያገላብጡታል። ቀኑን ሙሉ ያወሩታል፤ የጎረቤት ሐሜት እንኳ አይቀርበትም። መንጋጋው ሲንቀሳቀስ «አያችሁ? እየታገለ ነው!» ይላሉ። እህት የመታጠቢያውን ውሃ ልትቀይር ትወጣለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷን ወለሉ ላይ አገኘቻቸው። ሲያዞሩት ወገባቸው ተቆርጧል፤ ቡሎንም ግማሽ አካሉ ከአልጋው ተንጠልጥሏል። ሁለቱንም ከነበሩበት አነሳች። ከዚያ አላስቻላትም።

«እማ፣ ያኔ ዋሽቼሻለሁ። ቃሉ የሕመሙ ነበር። አይነሳም ነው ያለችው።»

«እስኪ ትራሱን አስተካክይለት» አሉ እናት።

መንከባከቡን አልተዉም። ማውራቱን ግን ተዉ። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የውሃና የአንሶላ ድምፅ ብቻ ሆነ። እህት ያን ዝምታ መቋቋም ሲያቅታት ሬዲዮ ትከፍታለች፤ እናት ተነስተው ይዘጉታል። ሚስቲቱንም ራሳቸው አሰናበቷት። «ልጄ፣ አንቺ ገና ነሽ፤ ሂጂ» አሏት። መጀመሪያ ፀጉሩን ልትቆርጥ ትመጣ ነበር፤ እያደር ቀረች።

ክረምቱ ሳይወጣ እናት አረፉ። እህት ማስተማሯን ትታ ቤት ዋለች።

አንድ ጠዋት ነርስ መጥታ ቡሎንን መረመረችው። «ልቡ ደህና ነው፣ ሳንባውም ንጹሕ ነው። በርቺ፤ እንዲህ ከያዝሽው ገና ብዙ ዓመት ይኖራል» አለቻት።

እህት አመስግና እስከ በሩ ሸኘቻት። ተመልሳ መጣችና፣ እጇን ከወንድሟ ትከሻ ሥር አስገብታ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረችው።