ጠረጴዛው የሚገባበት ቤት

የኔ ሥራ ሰው ማሳጠር ነው። አትሳቁ፤ ደሞዝ የሚከፈለኝ ለሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤታችን የሚሸጠው ገና ያላለቀ ቤት ነው። ድሮ ኢንጂነሩ ወረቀት ዘርግቶ "ይሄ ሳሎን፣ ይሄ መኝታ ቤት" ሲል ደንበኛው ጭንቅላቱን ይነቀንቅና ምንም ሳይገባው ይሄዳል። አሁን መነጽር መጣ። መነጽር ስላችሁ የማንበቢያ እንዳይመስላችሁ፤ የዋናተኛ መነጽር ከጫማ ካርቶን የወለደው የሚመስል ጥቁር ነገር ነው። ፊት ላይ ይጠለቅና ከኋላ በቀበቶ ይጠብቃል። ከዛ ሰውየው ባዶ ክፍል ውስጥ ቆሞ ቤቱ ውስጥ ይገባል። መስኮቱ፣ ቧንቧው፣ የመብራት ማብሪያው ሳይቀር ይታየዋል። እኔ ወገቡን ይዤ ከኋላ ከኋላው እከተላለሁ፤ አለዚያ የሌለ ኮሪደር ሲያቋርጥ ያለውን ግድግዳ በግንባሩ ይስመዋል። በግራ እጄ ወገብ፣ በቀኝ እጄ ታብሌት።

ታብሌቱ ላይ አንድ ቁጥር አለች። መቶ ከሆነች ሰውየው በራሱ ቁመት ነው የሚሄደው። ሰማንያ አምስት ካደረግኳት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ያክላል፤ ለሱ ግን አይታወቀውም። ለሱ የሚታወቀው ቤቱ መስፋቱ ነው። ኢንጂነሩ የቀጠረኝ ቀን ያስተማረኝ ይሄንን ነው። "ትንሽ ዝቅ አድርጋቸው" አለኝ፣ ወጥ ላይ ጨው ጨምር እንደሚባለው። እኔና ስድስተኛ ክፍል ሁለት ዓመት ተፋጠን ሳንግባባ ነው የተለያየነው፤ ይቺን ግን አንዴ ሲነግረኝ ገባችኝ።

መቼም ዝም ብዬ አልቀመጥም። አንዴ አንድ ደላላ "አንተ ጩጬ፣ ቶሎ በል" እያለ ሲያመናጭቀኝ መቶ ሰማንያ ላይ ሰቀልኩት። ቀጭኔ ሆነ። ጣሪያው እንዳይገጨው ጎንበስ ብሎ ቤቱን ሙሉ ዞረና ሲያወልቅ ወገቡን ይዞ "ጥሩ ነው፣ ግን ይጫናል" አለ። ያኔ ሆዴን ይዤ ነበር የሳቅኩት።

አሁን ብዙም አልስቅም። አላለቅስምም። እማዬ ከሞተች ሁለት ወሯ ነው። ጥርስ ሊነቅሉልህ መርፌ ሲወጉህ ከንፈርህን ብትነክሰው አይሰማህም አይደል? ደሙን መስታወት ስታይ ነው የምታውቀው። እንደዛ ነኝ። ከቀብር ስንመለስ መኪናው ውስጥ ቀልድ አወራሁ። ሰው ሳቀ። እታለም ብቻ በመስኮቱ ውጪውን አየች።

እታለም ታላቅ እህቴ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ እማዬም ልብስ ሰፊ ነበረች። የምትሠራው ቤት ውስጥ፣ እማዬ ትሠራበት በነበረው ጠረጴዛ ላይ ነው። ጠረጴዛ ስላችሁ እኔ ተጋድሜበት እጄን ወደ ላይ ብዘረጋ ጣቴ አይተርፍም። ጨርቅ የሚዘረጋበት፣ የሚቆረጥበት እሱ ነው። ዙሪያውን ካልዞረችው አይቆረጥም። ታዲያ ታላቅ ወንድማችን "ቤቱ ይሸጥና ሁላችንም ድርሻችንን እንያዝ" አለ። ተሸጠ። ልንወጣ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርቶናል። የእታለም ድርሻ አንድ ቤት፣ አንዴ ብቻ ይገዛል። ተሳስታ ጠረጴዛው የማይገባበት ቤት ከገዛች ሥራዋ አበቃ ማለት ነው። እኔም ከሷ ጋር ነው የምኖረው።

"እናንተ ጋ የሚሸጠውን አሳየኝ" አለችኝ። ለኢንጂነሩ ነገርኩት።

"እህትህ? በጣም ጥሩ!" አለ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "እንደ ሌላው ሰው በደንብ አሳያት። ገባህ?"

ገባኝ።

በማግስቱ ጠዋት መጣች። የክት ጫማዋን አድርጋለች። ኢንጂነሩ ወንበር ስቦ "እርስዎማ ቤተሰብ ነዎት" እያለ ውሉን የቢሮው ጠረጴዛ ላይ አስተካከለ፤ ብዕሩን ክዳኑን ከፍቶ አስቀመጠው። መነጽሩን ፀጉሯን እንዳይስባት ቀስ ብዬ አጠለቅኩላት።

"ቁንጫ፣ ጨለመብኝ" አለች። ቁንጫ እኔ ነኝ። ስሜን የምትጠራው ስትቆጣ ብቻ ነው።

"ቆይ፣ ይበራል። ቀኝ እግርሽን ቅደሚ።"

በራ። መብራቱን ብቻ አይደለም የምላችሁ፤ እሷም በራች፣ አፏ ተከፈተ። ታብሌቱን ሳየው ሰማንያ አምስት ይላል። መቼ እንዳደረግኩት እንጃ። ጣቴ ለምዶ ነው። አስቤ ነው እንዳልል አላሰብኩም፤ ረስቼ ነው እንዳልልም ቁጥሯን አይቻት ዝም አልኩ።

"ውይ! ሰፊ ነው እኮ!" አለች። ወገቧን ይዤ ተከተልኳት። "መስኮቱን እየው! ማሽኑ እዚህ። ብርሃን በግራ በኩል ይገባልኛል። አንተ እዛ ጥግ ትተኛለህ።"

"እኔ ጥግ ላይ? ድመት ነኝ?"

"ድመትማ ይታጠባል።"

ኢንጂነሩ ከት ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ሁለት ወር ሙሉ ያልሰማሁት ሳቅ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ምንም አላለኝም። ወገቧ ቀጥኗል፤ ያንን እጄ አወቀ።

"ጠረጴዛው እዚህ" አለች፤ ሁለት እጇን ዘርግታ አየሩን ለካች። "ዙሪያውንም ያዞረኛል። ያዞረኛል አይደል?"

"እንዴታ!" አለ ኢንጂነሩ። "ቢፈልጉ ሁለት ጠረጴዛ! እንግዲህ ይህን ቤት ሌላም ሰው ጠይቆናል፣ ዛሬ ካልፈረሙ…"

"ዛሬ እፈርማለሁ።"

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ሌላ ጊዜ ይሄ የሚያስቀኝ ቦታ ነበር። ታብሌቱን አየሁ። ቁጥሯን አየሁ። ጀግና ሆንኩ አልላችሁም፤ ልቤም ድው ድው አላለም። እንደ ማንኛውም ቀን ጣቴን አነሳሁና "እታለም፣ ትንሽ ቁሚ" አልኳት። ቁጥሯን ወደ መቶ ገፋኋት።

ጣሪያው ወረደባት። አላየሁትም፣ ግን አንገቷን ስትሰብር አየሁ። ዘርግታው የነበረውን እጇን ሰበሰበች። አንድ እርምጃ ሄደች፤ ወዲያው ግድግዳ ደረሰች። ተመለሰች፤ ሌላ ግድግዳ።

"ምን ነካኸው?"

"ባትሪ ነው" አለ ኢንጂነሩ ቶሎ ብሎ። "አንዳንዴ ባትሪው ሲደክም…"

"ባትሪ አይደለም" አልኩ። "ቁመትሽ ነው። አሳጥሬሽ ነበር። ትክክለኛው ቤት የአሁኑ ነው።"

ኢንጂነሩ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀላ። አልጮኸም፤ ጥርሱን ነክሶ "ታብሌቱን አስቀምጥ" አለኝ። አስቀመጥኩ። "የቢሮውንም ቁልፍ።" እሱንም አስቀመጥኩ። "ነገ እንዳትመጣ።"

"ዛሬስ ልቆይ?" አልኩት። አፌ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

እታለም መነጽሩን አወለቀች። ፊቷ ላይ ቀይ መስመር ሠርቶባታል። እኔን አላየችኝም፤ እሱን ነው ያየችው።

"የበሩ እጀታ ደረቴ ላይ ነበር" አለች። "ሃያ ዓመት ሰው ስለካ የኖርኩ ሴት ነኝ። የበር እጀታ ወገብ ላይ ነው የሚሆነው። እንደገባሁ ነው ያወቅኩት።"

ኢንጂነሩ ውሉን ወደ ራሱ ሳበ።

"ቤቱ የት ነው ያለው? እውነተኛው?"

"ገና ግንባታ ላይ ነው፣ ለእርስዎ አደገኛ…"

"አድራሻውን ይጻፉልኝ።" ክዳኑ የተከፈተውን ብዕር አንስታ ሰጠችው።

በእግር ሄድን። መንገዱን ሙሉ ሁለት እርምጃ ቀድማኝ ነበር የምትሄደው። ሥራዬን አጣሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ራሴ እሺ አለኝ፣ በቃ።

ሕንፃው ገና አጥንት ነው፤ ዓምድና ወለል ብቻ። ዘበኛው በር ላይ አሮጌ ወንበሩን ወደ ኋላ አስደግፎ ሬዲዮ ይሰማል።

"አባባ፣ ሦስተኛ ፎቅ ወጥተን ቤት እንይ?" አለችው።

"ቤት የለም እኮ ልጄ። ሲሚንቶ ነው ያለው።"

"ሲሚንቶውን እንያ" አልኩ።

"ከወደቃችሁ አላየኋችሁም" ብሎ ሬዲዮውን አስጮኸው።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ግድግዳ አልተሠራም፤ ግን ግድግዳው የሚቆምበት ቦታ ላይ አንድ አንድ ረድፍ ብሎኬት ተደርድሯል። ክፍሎቹ በብሎኬት መሬት ላይ የተሳሉ ይመስላሉ። የኛን አገኘነው። እታለም ከቦርሳዋ ሜትሯን አወጣችና ለካች። ደግማ ለካች። ከዛ ሜትሩን አንገቷ ላይ ጣል አደረገችና ሲሚንቶውን ጠቆመችኝ።

"ተጋደም።"

"ለምን?"

"ጠረጴዛ ሁን።"

"ጠዋት ድመት፣ አሁን ጠረጴዛ። እድገት ነው" ብዬ ተጋደምኩ። እጄን ወደ ላይ ዘረጋሁ። ሲሚንቶው ቀዝቃዛ ነው፤ ጠጠሩ ጀርባዬን ይወጋኛል። እሷ ጨርቅ እንደምትቆርጥ ሆና ዙሪያዬን መዞር ጀመረች። በራስጌዬ በኩል ስታልፍ ጣቴን ረገጠችኝ። በግርጌዬ በኩል ስትዞር ብሎኬቱ አደናቀፋት። እንደገና ሞከረች፤ አሁን በጎን፣ እንደ ሸርጣን። ጉልበቷ ብሎኬቱን መታ።

"ትንሽ ወደ ግራ ሳብ በል።"

ሳብ አልኩ።

"እንደሱ ከሆነ ማሽኑ አይገባም።" ቆመች። "አልጋም የለም። አንተም የለህም።"

"እኔን ጠረጴዛው ሥር ክተቺኛ።"

እንደ ቀልድ ነበር ያልኩት። እሷ ግን አጠገቤ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለች። የክት ልብሷ አቧራ በአቧራ ሆነ፤ ልብስ ሰፊ እንደዛ ስትቀመጥ አይታችሁ አታውቁም።

"ካወቅሽ ለምን ዝም አልሽ?" አልኳት። "ልትፈርሚ ነበር እኮ።"

ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ በጣቷ ላይ ጠቀለለች፣ ፈታች።

"ልጅ ሆኜ ነበር" አለች። "መስኮቱ ከፍ ብሎ፣ ጣሪያው ሩቅ ሆኖ። እኛ ቤት እንደዛ ነበር የሚመስለኝ፣ ገና አንተ ሳትወለድ። ወገቤን ደግሞ ከኋላ የያዘኝ ሰው አለ። እማዬ ቀሚስ ስትለካኝ እንደዛ ነበር የምትይዘኝ። አንተ መሆንህን አውቃለሁ፣ ሞኝ አይደለሁም። ግን ዞሬ አላየሁም፤ አይታየኝም ነበር እኮ። ትንሽ ልቆይ ብዬ ነው። ብፈርም ምን ይመጣል ብዬ።"

"ጠረጴዛው አይገባም ነበራ።"

"አዎ። ጠረጴዛው አይገባም።"

አሁን ላለቅስ ነው ብዬ ጠበቅኩ። የእውነት ጠበቅኩ፤ ተጋድሜ፣ እጄን ዘርግቼ። የላይኛውን ወለል ሆድ አየሁት፤ ሲሚንቶው ላይ የጣውላ መስመር ታትሞበታል። ዝንብ አፍንጫዬ ላይ አረፈች። ለቅሶው አልመጣም።

"መለስከኝ" አለች። "ማነው መልሰኝ ያለህ?"

"ይቅርታ" አልኩ። የምን ይቅርታ እንደሆነ እኔም አላውቀውም፤ ስላሳጠርኳት ይሁን ስላስረዘምኳት።

ዘበኛው ዱላውን እያንኳኳ ብቅ አለ። "ልጁ ወደቀ እንዴ?"

"የለም አባባ፣ ጠረጴዛ ነው" አለች እታለም።

ሽማግሌው እኔን አየ፣ እሷን አየ። "እና፣ ትገዙታላችሁ?"

"አይበቃንም" አለች። ተነሳች። "ነገ ሌላ ቦታ እናያለን።"

"አሥራ ስምንት ቀን" አልኩ።

"መቁጠር ትችላለህ ለካ። ተነስ።"

ተነሳሁ። ጀርባዬ ከላይ እስከ ታች ነጭ ሆኗል። "ዙር" አለችኝ፤ ዞርኩላት። አቧራውን በመዳፏ ታራግፍልኝ ጀመር። መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ከዛ ጠንከር አድርጋ። ትከሻዬን፣ ወገቤን፣ እንደገና ትከሻዬን። ሽማግሌው ፊቱን ወደ ደረጃው አዞረ። አቧራው አልቆ ነበር፤ በትከሻዬ ዞር ብዬ ሳይ ጥቁሩ ሸሚዜ ጠርቷል። እሷ ግን አላቆመችም። መዳፏ ሲያርፍ ድምፁ ባዶው ወለል ላይ ያስተጋባል። እኔም እግሬን ትንሽ ከፈት አድርጌ፣ እንዳልንገዳገድባት ቆምኩላት።