አንድ ሌየር ብቻ የነበረው ክሊኒክ

የሥራው ሳምንት በሚጀምርበት እሁድ ጠዋት፣ የቢሮው ኃላፊ መሐንዲስ አብደልሙንዒም ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ፣ «ያ ገሊላ፣ ሌሎቹስ የት ሄዱ?» ሲል በአረብኛ ጠየቀ። ገሊላ ባለፈው ሐሙስ ደምስሺ ስላላት አሮጌ የፋይል ቅጂዎች የሚጠይቃት መስሏት፣ «ሁሉንም አጥፍቻቸዋለሁ፣ ባሽሙሃንዲስ» አለችው። የታዘዘችውን በሰዓቱ በመጨረሷ ደስ ብሏት ነበር።

መሐንዲሱ ግን የጠየቀው ስለ ሌየሮቹ ነበር። በኮምፒውተር የሚሠራ የሕንጻ ንድፍ እንደተደራረበ ስስ ወረቀት ነው፤ ግድግዳው በአንዱ ሌየር፣ የንጹሕ ውሃው ቧንቧ በሌላው ይቀመጣል፤ ፍሳሹና ኤሌክትሪኩም እንዲሁ ለየብቻቸው። ቡሪ ሰፈር ያለው ቢሯቸው ከሌላ ቢሮ የተረከበው የክሊኒክ ሞዴል ግን አንድ ሌየር ብቻ ነበረው፤ መስመሩ ሁሉ በአንድ ነጭ ቀለም ተጠላልፏል። የአብደልሙንዒም ፊት ጠቆረ። የሙከራ ጊዜሽ የፊታችን ሐሙስ ያልቃል፣ ይሄን አጥፍተሽ እንዴት ብዬ ነው ቅጥርሽን የምፈርመው አላት። ድምፁን አላነሳም፤ ሆኖም የሥራ ባልደረባዋ ሉጥፊያ ከአጠገባቸው ተቀምጣ ትሰማ ነበር።

ገሊላ ሰው ፊት መከራከር አትችልበትም። ወደ ወንበሯ ተመለሰችና በኢሜይል የመጣውን፣ ማንም ያልነካውን ፋይል ከፈተች። እሱም አንድ ሌየር ነው። ያን ጊዜ ነው ሄዳ ለአብደልሙንዒም ያሳየችው። ሞዴሉን መርዋን የሚባል የሌላ ቢሮ መሐንዲስ በሌላ ፕሮግራም ሠርቶት፣ ወደ እነሱ ፕሮግራም ሲያዛውረው ሌየሮቹን የሚያስጠብቀውን ምርጫ ሳይነካ አልፏል። መርዋን ሥራውን ለቆ፣ ባሕር ተሻግሮ ደማም ከገባ ወር አልፎታል። ሲደወልለት፣ ዋናው ፋይል የነበረበት ኮምፒውተር ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ያለው ሁሉ እንደተደመሰሰ ነገራቸው።

ክሊኒኩን የሚገነባው፣ ኦምዱርማን ያለው ተቋራጭ ሞዴሉን ማክሰኞ ይጠብቃል። እንደገና ይሣል ቢባል ሁለት ሳምንት ይፈጃል። አብደልሙንዒም ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ እንጂ ይቅርታ አልጠየቃትም።

«እስከ ማክሰኞ እለየዋለሁ» አለች ገሊላ። ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች።

«ሁለት ሺህ መስመር ነው፣ ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ» አለች ሉጥፊያ እየሳቀች። «በዓይንሽ ልትለቅሚው ነው?»

በዓይኗ አልነበረም። እያንዳንዱ ቧንቧ ሁለት ጫፍ አለው፤ የእያንዳንዱ ጫፍ ከፍታ ደግሞ በሞዴሉ ውስጥ በቁጥር ተቀምጧል። አባቷ በየነ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአል-ሳሃፋ ሰፈር ቤቶች ቧንቧ ሲዘረጋ የኖረ ሰው ነው። ራት ላይ እንኳ ከቧንቧ ሌላ ወሬ የለውም። ወደ ደረጃው ወጣ ብላ ደወለችለት።

«አባባ፣ የፍሳሽ ቧንቧ ስትዘረጋ ምን ያህል ታዘቀዝቀዋለህ?»

«በሜትር ሁለት ሴንቲ። ምነው፣ ዩኒቨርሲቲ ይሄን አላስተማሩሽም?»

«አስተምረውናል። አንተ በእጅህ የምታደርገውን ፈልጌ ነው።»

በየነ ጉሮሮውን ጠርጎ እንደ አስተማሪ ረጋ ብሎ ያስረዳት ጀመር። ንጹሕ ውሃ ግፊት ስላለው ለጥ ብሎም ይሄዳል፣ ሽቅብም ይወጣል፤ ፍሳሽ ግን የሚገፋው ስለሌለ ዘወትር ቁልቁል ነው። የኤሌክትሪክ ቱቦ ቀጭን ነው፣ ማብሪያው ጋ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። «ያላ፣ መጀመሪያ ውፍረቱን እይ፣ ቀጥለሽ ጫፎቹን አወዳድሪ» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

እንዳላት አደረገች። ሰኞ ከሰዓት በኋላ መስመሮቹ ተራ በተራ ቦታቸውን ያዙ፤ ግድግዳው ነጭ እንደሆነ ቀርቶ፣ ውሃው ሰማያዊ፣ ፍሳሹ ቡናማ፣ ኤሌክትሪኩ ቀይ ሆነ። መጨረሻ ላይ አንድ ቧንቧ ቀረ። ውፍረቱ የፍሳሽ ነው፤ ከማዋለጃው ክፍል ወለል ተነስቶ ውጭ ወዳለው ጉድጓድ ይሄዳል፤ ነገር ግን ሽቅብ ይወጣል። ፍሳሹ ውስጥ ከትታ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። ብትናገር ደግሞ፣ ስትለዪ ያበላሸሽው ነው ልትባል ትችላለች። ጥቂት ተቀምጣ ቁጥሮቹን አየቻቸው። ከዚያ ተነስታ አብደልሙንዒም ጠረጴዛ አጠገብ ቆመች።

«አንድ ቧንቧ ወደ ኋላ ነው የሚፈሰው፣ ባሽሙሃንዲስ። እንዲህ ከተሠራ የማዋለጃው ቆሻሻ ተመልሶ ወለሉ ላይ ይወጣል።»

መጥቶ ወንበሯ ላይ ተቀመጠ። መርዋን የላከውን ፋይል ከፍቶ ቁጥሮቹን ሁለት ጊዜ አመሳከረ። ስህተቱ እዚያም ነበረ።

«እኔም ሳላስተውለው አልፌያለሁ» አለ። ከዚያ ሉጥፊያ እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «የትናንቱ ጥፋት ያንቺ አልነበረም፣ ያ ቢቲ፣ ልጄ። ይሄን የመለያ ዘዴ ግን ማን አስተማረሽ?» አላት።

እስከዚያ ቀን ገሊላ ስለ አባቷ ሥራ በዚያ ቢሮ ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

«አባቴ» አለች። «ቧንቧ ሠራተኛ ነው። አል-ሳሃፋ ውስጥ ጠይቁ፣ ሁሉም ያውቀዋል።» ፊቷ ሲግል ተሰማት፤ ቀና እንዳለች ቆየች።

ማክሰኞ ጠዋት የታረመው ሞዴል በአራት ሌየር ወደ ኦምዱርማን ተላከ። ተቋራጩ የሚጠቀመው ሦስተኛ ፕሮግራም ስለነበረ፣ ገሊላ ስልክ ደውላ ፋይሉን አስከፈተችና ሌየሮቹን አንድ በአንድ አስቆጠረቻቸው፤ አራቱም ደርሰዋል። ሐሙስ ዕለት አብደልሙንዒም ቅጥሯን ፈረመ፤ እሁድ ከሌላ ቢሮ የመጣ ፋይል፣ ሌየሮቹ መሟላታቸውን እንድታይለት ሰጣት።